ፀሐይ ሊበላ የተተከለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በጠፋበት ዓመት፣ ሸክም ያጎበጣት አንዲት አህያ ወንዝ ዳር በቀረች ጥቂት ሣር ላይ ተኝታ ሳለ ጅብ መጣባት። ልትሮጥ አሰበች፤ እግሯ ግን እሺ አላላትም።

«ተነሺ፣ ልበላሽ ነው!» አላት።

«ተኝቼም ትበላኛለህ፣ አያ ጅቦ። ለመነሳት አቅም የለኝም።»

ጅቡም ምስኪን ደክሞታል። አጠገቧ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ።

«እኔም ሰልችቶኛል» አለ። «ማደን፣ መሮጥ፣ መራብ፤ ነገም እንደገና! ለመሆኑ አንቺ ያን ሁሉ የምትሸከሚበትን ጉልበት ከየት ታመጫለሽ?»

«ከሣሩ ነዋ።»

«ሣሩስ?»

«ሣርማ ታድሏል! ሥሩ ውሃ ይስብለታል፤ ቅጠሉ አየርና የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ ምግቡን እዚያው ይሠራል። አይሮጥ፣ አይሸከም።»

አህያዋ ልታታልለው አላሰበችም፤ ደክሟት የምታውቀውን ተናገረች እንጂ። የጅቡ ዓይን ግን በራ።

«እኔ ሞኝ! ጉልበቱ ሁሉ ከፀሐይ ከሆነ በሣርና በአህያ በኩል ምን አዞረኝ?» ብሎ ወደ ወንዙ ወረደ። አራት እግሩን ጭቃ ውስጥ ቀበረና አፉን ወደ ሰማይ ከፈተ።

ቀበሮ ስታልፍ አየችው።

«ምነው አያ ጅቦ፣ ምን እየሆንክ ነው?»

«ምሳ እየበላሁ ነው፤ አትረብሺኝ።»

ነገሩ ወዲያው ገባት። «እንዲያ ከሆነ ለክፉ ቀን ብለህ ከቋጥኙ ሥር የደበቅካትን ቁራጭ ቆዳ ልውሰዳት?»

«ውሰጃት! ለእኔ ክፉ ቀን አልቋል።»

ጀንበር እስክታዘቀዝቅ እንደተተከለ ዋለ። ጀርባው ተቃጠለ፣ ምላሱ ደረቀ፤ ከዝንብ በቀር አፉ የገባ ነገር አልነበረም። አህያዋ ግን ሣሯን ቀስ እያለች ስትግጥ ውላ ተነሳች። ጅቡ ሊከተላት ሲል እግሩ ከጭቃው አልወጣ አለው።

«እመት አህያ! ሆዴ ባዶ ነው እኮ! ዋሸሽኝ!»

«አልዋሸሁም» አለች ዞር ብላ። «ሣር ምግቡን ይሠራል አልኩህ እንጂ አንተ ቅጠል አለህ መቼ አልኩ?»

ይህን ብላ ወደማይቀርላት ሸክሟ ሄደች። ጅቡም እግሩን አንድ በአንድ ከጭቃው ነቅሎ፣ እየተንገዳገደ ለአደን ወጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጉልበታችን ሁሉ ከፀሐይ ቢመነጭም ብርሃኗን ምግብ ማድረግ የሚችለው ቅጠል ስለሆነ፣ ቅጠል የሌለን እኛ ደክሞንም ቢሆን ምግባችንን ፍለጋ መነሳታችን እንደማይቀር ነው።