አያ ገመሬና የዓይኑ ሞራ

ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ የሰማችሁትንም ላልሰማ አድርሱ። አራዊት ሁሉ በአንድ ቋንቋ በሚነጋገሩበት፣ ጉምም ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት ዘመን፣ በገደል አፋፍ የሚኖር የዝንጀሮ መንጋ ነበር። አለቃቸው አያ ገመሬ ይባላል። መንጋው ሜዳ ወርዶ ሣር ሲግጥ፣ እሱ ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነብር እንዳይመጣ ይጠብቃል።

አያ ገመሬ አረጀ። ሲያረጅ ሜዳውም ሰማዩም ጭስ ጭስ አለበት።

«አንድ ተንኮለኛ ዓይኔን እየጋረደብኝ ነው» አለ በልቡ።

መጀመሪያ ጉምን ጠራው።

«አንተ ጉም፣ ከፊቴ ለምን አትነሣም?»

«እኔማ ገና ማለዳ ተነሥቻለሁ። አሁን ያለሁት ከሸለቆው ሥር ነው» አለ ጉም።

«ውሸትህን ነው» አለ አያ ገመሬ።

ቀጥሎ ፀሐይን ጠራት።

«አንቺ ፀሐይ፣ ብርሃንሽን እየበተንሽ ለምን ታጥበረብሪኛለሽ?»

«እኔ ያው የድሮዋ ነኝ። ከአንተ ሌላ ማንም አልከሰሰኝም» አለች ፀሐይ።

«ውሸትሽን ነው» አለ።

በመጨረሻ ሚስቱን እመት ዳማን ጠራት። እሷም ቀረብ ብላ አየችውና፣

«ብሌንህ ውስጥ ነጭ ነገር ይታየኛል። ሐይቁ ዳር ዓይን የምታክም ወፍ አለች ይባላል፤ እንሂድ» አለችው።

«ነጩን ነገር ከአንቺ በቀር ማን አየው? ያደረግሽውም አንቺ ነሽ።»

«እኔ ምን በወጣኝ?»

«ውሸትሽን ነው» አለና ከአጠገቧ ተነሥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ጀርባውን ለአለት ሰጥቶ ለብቻው ይተኛ ጀመር።

ይህን ቀበሮ ሰማ። ቀበሮ የነብርን ትራፊ የሚለቃቅም ነበርና፣ «ጠባቂው ባያይ ለነብርም ለእኔም ይበጀናል» ብሎ ወደ ድንጋዩ ወጣ።

«አያ ገመሬ፣ እኔ ነገር ማመላለስ አልወድም» አለ። «ግን እመት ዳማ ዓይንህን ትክ ብላ የምታየው ለምንድን ነው? ወንድሟን በቦታህ ልታስቀምጥ ይሆን?»

«እኔም ጠርጥሬያለሁ።»

«እንግዲያው ይህን ቅጠል ልጭመቅልህ። ሞራውን ጠርጎ ያወጣዋል።»

ሁሉን የጠረጠረው አያ ገመሬ ቀበሮን አልጠረጠረም፤ ራሱ በልቡ ያሰበውን ነግሮታልና። ጭማቂው ግራ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ እንደ እሳት ፈጀው።

«ማቃጠሉ መሥራቱ ነው» አለ ቀበሮ።

በማግስቱም ጨመረበት። ዓይኑ አብጦ ተከደነ። ቀኙም እንደደበዘዘ ቀረ።

አንድ ረፋድ ከሣሩ መካከል ቢጫ ነገር ተንቀሳቀሰ።

«ነብር ነው፤ መንጋውን ጥራ» አለች እመት ዳማ።

«ነፋስ ያወዛወዘው ሣር ነው። በከንቱ ጮኼ እንድዋረድ ትፈልጊያለሽ።»

እሷው ጮኸች። መንጋው ወደ ገደሉ ሮጠ። የአያ ገመሬ ታናሽ እህት ግን አልደረሰችም፤ ነብሩ ያዛት። እሱ ነብሩን አላየውም፤ ከሣሩ ውስጥ የመጣውን ድምፅ ግን ለየው።

«ጌታዬ ነብር፣ የጎድኑን ለእኔ ተውልኝ» ይላል ቀበሮ።

አያ ገመሬ ከድንጋዩ ወረደ። ከዚያ፣ «እስቲ ወደ ወፏ ውሰጂኝ» አላት ሚስቱን።

እመት ዳማ እጁን ይዛ ወሰደችው። ወፏ መንቁሯ ረጅምና ቀጭን ነው። አያ ገመሬ እሷንም ጠረጠራት።

«ይህን ማን አደረገብኝ?» አላት።

«ማንም። በዓይን ውስጥ እንደ ጥሬ እንቁላል ውሃ የጠራ ነገር አለ። ዕድሜ ሲገፋ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይነጣል። የዓይን ሞራ የሚሉት እሱን ነው።»

«ቅጠሉስ ለምን አልጠረገውም?»

«የተቀቀለ እንቁላል ተመልሶ ጥሬ ሲሆን አይተሃል? ሞራው ከውስጥ ነው። ከላይ ያፈሰስከው ዓይንህን ላጠው እንጂ አልደረሰበትም።»

«አንቺስ ምን ልታደርጊ ነው?»

«አደንዝዤ ትንሽ ቀዳዳ እከፍታለሁ። የነጣውን አውጥቼ፣ በቦታው እንደ ውሃ ጠብታ የጠራ መስታወት አስገባለሁ። ግራ ዓይንህ ግን ጠባሳ አውጥቷል፤ እሱን ላድነው አልችልም። አሁንም ከጠረጠርክ፣ ያከምኳት ሚዳቋ እዚያ ትግጣለች፤ ሄደህ ጠይቃት።»

ሄዶ ጠየቃት።

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለች ሚዳቋ። «ዛሬ ግን እሾሁን ከቅጠሉ ለይቼ እበላለሁ።»

ተመልሶ ተኛ። ወፏም ቀኝ ዓይኑን ሠርታ ሸፈነችው። በማግስቱ ስትገልጠው መጀመሪያ ያየው የሚስቱን ፊት ነው።

«ከስተሻል» አላት።

«ከከሳሁ ቆየሁ» አለች።

«አላመንኩሽም ነበር።»

«አውቃለሁ። ብታምነኝ ኖሮ እህትህ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር።»

ወፏ ሲሰነባበቱ እንዲህ አለች፦ «የመንጋህ ዝንጀሮዎች ፀሐይ ላይ አያፍጥጡ፤ ጥላ ይፈልጉ። ዓይናቸውን ከጭስና ከምት ይጠብቁ። እርጅናን ግን የሚከለክል የለም፤ ሲደበዝዝባቸው ቅጠል ሳይነካቸው ቶሎ ይምጡ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በድንጋዩ ላይ ሁለት ሆነው ይቀመጣሉ፤ አያ ገመሬ በቀረችው አንድ ዓይን፣ እመት ዳማም በግራው በኩል።

እናንተም ይህን ያዙ፦ ዓይኑን የጋረደው ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ሰውን የከሰሰ፣ ወዳጁን አርቆ ጠላቱን ያስጠጋል።