የይስማው ባርኔጣ

ችኩል ሰው ሲያጋጥማቸው ልጆች እየሳቁ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። አትሳቁ እላቸዋለሁ፤ የሰው ቤት ፈርሶባታል!

ባርኔጣ ስሙም ከጣሊያን አገር የመጣ ነው ይላሉ። ለፀሐይና ለዝናብ ነው፤ ሲሻህ ታደርገዋለህ፣ ሲሻህ ታወልቀዋለህ። ቆብ ግን ከግእዙ «ቆብዕ» የወረደ፣ የመነኩሴ ነው። አንዴ ከደፉት አይወልቅም።

እዚህ አባይ አፋፍ ላይ ይስማው የሚባል ነጋዴ ነበር። ግንቦት ላይ አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ወለጋ ሲሻገር፣ ሚስቱ ማንጠግቦሽ የባርኔጣውን ማሰሪያ በቀይ ክር ሰፍታ ሸኘችው። ነሐሴ ላይ አንድ የቆላ ሰው ያንኑ ባርኔጣ ከወንዙ ዳር አገኘሁት ብሎ ይዞ መጣ። ማንጠግቦሽ ቀዩን ክር ስታይ ኡኡ አለች። አስከሬን የለም፤ አገሬው ባርኔጣውን አልጋ ላይ አስቀምጦ አለቀሰ።

አርባው እንኳ ሳይወጣ አጎቷ «ባል አግኝቼልሻለሁ» አላት። ወይ አለማፈር! ወደ ንስሐ አባቷ ወደ ቄስ ልየው ሮጠች።

«አባ፣ ከይስማው ሌላ ወንድ አላይም። ልመንኩስ።»

«ልጄ፣ ሬሳውን አላየሽም እኮ። አባይ ሲሞላ ስንቱ ነጋዴ ማዶ እንደሚከርም ታውቂያለሽ። እስከ ጥቅምት ታገሺ።»

«አባይ ቢጎድል የበላውን ይመልሳል እንዴ?»

አልሰማቻቸውም። ገዳም ወርዳ ጠጉሯን ተላጨች፤ በቁሟ የሙታን ጸሎት ተደገመላትና ቆብ ደፋች። ለሱ ብላ እኮ ነው! እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ቤቷን ዘግታ ቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ጎጆ ቀለሰች።

ጥቅምት ገባ፣ አባይ ጎደለ፣ ይስማው አጋሰሶቹን እየነዳ ከች አለ። ሰኔ ላይ ልሻገር ሲል ውኃው ባርኔጣውን ነጥቆት፣ እሱ ነፍሱን ይዞ ወደ ማዶ ተመልሶ ነበር። ቤቱ ተዘግቶ ቢያገኘው ጎረቤት ነገረው። ቄስ ልየውን ይዞ ወደ ጎጆዋ ሲሄድ አገሬው ተከተለው።

ቢጫ የሐር ሻሽ ከጉያው አወጣ። «ይኸን ይዤልሽ መጥቼ ነበር» አላት።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምኑ ላይ ልሰረው፣ ይስማው? ጠጉር እንኳ የለኝም።»

ወደ ቄሱ ዞሮ እግራቸው ላይ ወደቀ። «አባ፣ ያውልቁላት! አልሞትኩም እኮ!»

«አንተማ አልሞትክም ልጄ» አሉ። «የሞተችው እሷ ናት፤ ጸሎቱ ተደግሞላታል።»

ይስማው ሻሹን አጣጥፎ መልሶ ጉያው ከተተና፣ ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ አጋሰሶቹን በመጣበት መንገድ መልሶ ነዳ። ማንጠግቦሽ በሩ ላይ ቆማ ከዓይን እስኪሰወር አየችው። ቄስ ልየውም እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ፣ ለከበበው ሰው እንዲህ አሉ፦ «ባርኔጣ አይተው፣ ቆብ አይደፉ።»