ሲነጋ ግለጥለት

«ያን ገመድ ያዝልኝና ተናገር፤ ሥራ አታስፈታኝ» አሉ መምህር ይትባረክ።

አጥናፉ የገመዱን ጫፍ ያዘ። በሌላው እጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ይዳብሳል። ከቤቱ ከወጣ ጀምሮ ሲዳብሰው ነው የመጣው።

የታኅሣሥ ጠዋት ነው። ሌሊቱን የወረደው ውርጭ ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለከተማዋ ልጆች እርሻ ያስተማሩት ሽማግሌ ግቢያቸው መሀል ተንበርክከዋል። ፊታቸው በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ቆሟል። ገመዱን ፈቱ። ጆንያውን ገለጡ። ከሥሩ ያለውን ጭድ በእጃቸው አስተካከሉ። ከውስጥ አንድ ዘንባባ ብቅ አለ፤ ቁመቱ ከሰው ወገብ አይበልጥም፤ የዳር ቅጠሎቹ እሳት እንደነካው ወረቀት ጠቁረዋል።

«መምህር፣ ይሄ እኮ ሞቷል።»

«ሞቷል?»

«አያዩትም እንዴ! እኔ ብሆን ቆርጬ መጥረጊያ አደርገው ነበር።»

«አንተ ድሮም ጥያቄውን ሳታነብ ነበር የምትመልሰው» አሉና ጆንያውን አራገፉ። «በል ጠይቅ። እሑድ ማለዳ እዚህ ድረስ የመጣኸው ለዘንባባዬ ልታለቅስ አይደለም።»

አጥናፉ ጠየቀ። ሲጠይቅ ግን ፊታቸውን አላየም፤ ገመዱን ነው ያየው።

ዛሬ ከቀትር በኋላ ቤቱ ሽማግሌዎች ይመጣሉ። ሴት ልጁን ለአንድ ጨዋ ቤተሰብ ልጅ ሊጠይቁ ነው። ልጅቷም ወጣቱን ትወደዋለች። የአጥናፉ ታላቅ እህት የሺመቤት ግን የሚጥል በሽታ አለባት። በወር አንዴ ይጥላታል፣ አንዳንዴም ሁለቴ። እናታቸው ከሞተች በኋላ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። እንግዳ በመጣ ቁጥር የጓሮው ክፍል ውስጥ ትቆያለች። በሩ ከውጭ ይቆለፋል።

«ምግቧ ይገባላታል። ጋቢ አላት፣ ሬዲዮ አላት። ለራሷ ብዬ ነው፤ ሰው ፊት ብትወድቅ የምታፍረው እሷ ናት። ደግሞ ‹በሽታው ዘራቸው ውስጥ አለ› ቢሉ ልጄ ምን ትሆናለች? ምንም አልጎደለባትም፣ መምህር። ጥያቄዬ ይቺው ናት። ይሄ ጥፋት ነው?»

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ምኑ?»

«መቆለፉ።»

«ስድስት ዓመት። ግን ሁልጊዜ አይደለም፤ እንግዳ ሲመጣ ብቻ።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አሁን አሁን እንግዳ ይበዛል» አለ።

መምህር ይትባረክ ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡበትና ማውጋት ጀመሩ።

*

አንድ ሰው ነበረ። አገሩ ደጋ ነው፤ ውርጭ የሚወርድበት፣ ዘንባባ የማያውቀው ደጋ። ለሆሳዕና ዘንባባ የሚመጣው ከቆላ በአህያ ተጭኖ ነበር፤ ሲደርስ ግማሹ ደርቋል። ሰው ግንባሩ ላይ የሚያስረው፣ እንደ ቀለበት ጣቱ ላይ የሚያጠልቀው ያንኑ ነው።

ይህ ሰው አንድ ቀን በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው፣ «ከእንግዲህ የሆሳዕና ዘንባባ ከእኔ ግቢ ይወጣል» አለ።

ሳቁበት። እሱ ግን ቆላ ወረደ። በዚያ አንድ ሰሌን ሠሪ ሽማግሌ ችግኝ ነቅሎ ሰጠው። ችግኙን የነቀለለት ከወንዝ ዳር ሳይሆን ንፋስ ከሚመታው ገደል አፋፍ ነበር። «ይሄ ብርድ የለመደ ነው» አለው። «ውርጭ በሚወርድበት ወራት፣ ሲመሽ አልብሰው፤ ሲነጋ ግለጥለት። የዳር ቅጠሉ ቢቃጠል አትደንግጥ፤ ሕይወቱ መሀሉ ላይ ናት።»

ሰውዬው ተከለው። የመጀመሪያውን ዓመት እንደተነገረው አደረገ። ሲመሽ ቅጠሎቹን ወደ ላይ ሰብስቦ አሰረ፣ ከሥሩ ጭድ ከመረ፣ ጆንያ አለበሰው። ሲነጋ ገለጠለት። ቢሆንም የዳር ቅጠሎቹን ውርጩ አገኛቸው።

ግቢው የገበያ መንገድ ዳር ነበር። የሚያልፈው ሁሉ ይቆማል። «አያ ዘንባባ! ለሆሳዕና እንጠብቅህ?» ይላል አንዱ። ሌላው «ለፍየሌ አስቀምጥልኝ» ይላል። አንዷ ደግሞ «ጥሩ መጥረጊያ ይወጣዋል» አለች።

እዚህ ላይ አጥናፉ አንገቱን ደፋ።

ሰውዬው አብሯቸው ሳቀ። ቤት ሲገባ ግን እህል አልቀመሰም። በበልግ ከመሀል አረንጓዴ ቅጠል ወጣ፤ እሱን ቆሞ ያየ መንገደኛ አልነበረም። ሰውዬውም ልቡ የቀረው የጠቆረው ላይ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ውርጩ ሲመጣ ጭድ ጨመረ፣ ጆንያ ጨመረ፣ በላዩ ላስቲክ አለበሰውና በገመድ ሦስት ዙር ጠፈረው። ሲነጋ ሊገልጥለት ወጣ። ከመንገዱ የሰው ድምፅ ሰማ። እጁ ገመዱ ላይ ቀረ። «ዛሬ ብርዱ በርትቷል፤ ነገ እገልጠዋለሁ» አለ። በማግስቱ ፀሐይ ወጣች። «ፀሐዩ ድንገት ቢመታው ይጎዳዋል» አለ። በሦስተኛው ቀን ምክንያት መፈለግም ተወ።

ሰው «ዘንባባህ እንዴት ነው?» ብሎ ሲጠይቀው «ደኅና ነው። ምንም አልጎደለበትም» ይላል። ማታ ማታ እየሄደ ገመዱ አለመላላቱን ይዳብሳል፤ መታ መታ አድርጎት ይመለሳል።

«ደግሞ ይወደው ነበር» አሉ መምህር። «ይቺን እንዳትዘልብኝ። በጣም ይወደው ነበር።»

የውርጩ ወራት አለፈ፤ ሰውዬው ግን አልገለጠውም። ሆሳዕና ሳምንት ሲቀረው ቄሱን ጠራ፣ ጎረቤቱን ጠራ፣ የሳቁበትን ሁሉ ጠራ። ገመዱን በቢላዋ በጠሰው። ከላስቲኩ ውስጥ ውሃ እንደ ላብ ወረደ፤ አንድ ሽታም ወጣ። ቅጠሎቹ ግን አረንጓዴ ነበሩ! አንድም የጠቆረ የለም። «እሰይ!» አሉ ሴቶቹ። ቄሱ ቆባቸውን አስተካከሉ።

ሰውዬው ደስታው ልክ አጣ። ገና ያልተዘረጋውን፣ እንደ መርፌ የቆመውን የመሀል ቅጠል ሊያሳያቸው ያዘው። ገና ሲነካው ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ። ሥሩ ጠቁሮ፣ ሟሙቶ፣ እንደሞተ አይጥ ይሸት ነበር። ውርጭ አልነካውም። ታፍኖ፣ በገዛ ላቡ ነው የበሰበሰው። አረንጓዴዎቹም ቢሆኑ መሞታቸውን ገና አልሰሙም ነበር።

ሰው ሁሉ ያየዋል። ሰውዬው የበሰበሰውን ቅጠል ምን አደረገው መሰለህ?

ከኋላው ደበቀው።

*

አጥናፉ «ሰውዬው እርስዎ ነዎት?» አለ።

«ማን መሆኑ ምን ያደርግልሃል? ዛሬ ጠዋት አንተ ነህ።»

ሽማግሌው ከባልዲው ተነሡ። «ስማኝ፣ አጥናፉ። ውርጩ የሰው ዓይን ነው። ያቃጥላል፤ አልዋሽህም። እህትህ ሰው ፊት ብትወድቅ አንዱ ያማትባል፣ አንዱ ይሸሻል፣ ምናልባት ጋብቻውም ይቀራል። ያ የዳር ቅጠል ነው። ሰውዬው ዘንባባውን ከብርድ ሸፈንኩት እያለ ራሱን ከመንገደኛ ሸፈነ። አንተም ቁልፉን ኪስህ ይዘህ ‹ምንም አልጎደለባትም› ትለኛለህ። መቼ ገልጠህ አየሃትና?»

አጥናፉ ጆሮው ድረስ ጋለ። የሚያየው ቢያጣ ዘንባባውን አየ።

«ይሄኛውስ?» አለ።

መምህር የጠቆሩትን ቅጠሎች በሁለት እጃቸው ለዩ። መሀል ላይ ጣት የምታህል አረንጓዴ መርፌ ቆማለች።

«ጎትታት።»

«ብትነቀልስ?»

«ጎትታት አልኩህ።»

በሁለት ጣቱ ጎተታት። አልተነቀለችም።

*

ከቀትር በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጥተው ተቀመጡ። ስለ ዝናብ ተነሣ፣ ስለ ገብስ ተነሣ፤ የመጡበት ጉዳይ ሊነሣ ሲል ትልቁ ሽማግሌ እንደ ወጉ «ከቤተሰቡ የቀረ አለ?» ብለው ጠየቁ።

የአጥናፉ ሚስት ቀድማ «የለም» አለች።

«አለ» አለ አጥናፉ። ተነሥቶ ወጣ።

ቁልፉ በመጀመሪያው አልገባለትም። በሁለተኛው ገባ። የሺመቤት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ለብሳ፣ ጫማዋን አድርጋ። ሬዲዮው እንደ ሹክሹክታ ዝቅ ብሏል። ዝቅ አድርጊው ያላት ሰው አልነበረም።

«ሄዱ?» አለች በቀስታ።

«አልሄዱም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ከፈትከው? ብርድ አስገባህብኝ።»

«እታለም፣ ተነሺ። ሊያዩሽ ነው።»

ሣቀች፤ ሣቋ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። «እኔን? አብደሃል እንዴ? ብወድቅስ?»

«ብትወድቂ አነሣሻለሁ።»

«ልጅቷስ?»

የሺመቤት ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ነጠላዋን ከምስማሩ አወረደች፣ ተከናነበች፣ ወደ ብርሃኑ ዞረች። «በል ፊቴን እየኝ። መስተዋት የለኝም። ምንም የለበትም?»

አጥናፉ አየ። ሽፋሽፍቷ ሸብቷል። መቼ እንደሸበተ አያውቅም።

«ምንም የለበትም» አለ።

ሲገቡ ሦስቱም ሽማግሌዎች ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ታላቅ እህቴ ናት። ያሳደገችኝ» አለ አጥናፉ። «የሚጥል በሽታ አለባት። እንግዳ ሲመጣ ስቆልፍባት ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬም ቆልፌባት ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ ብርጭቆአቸውን መሬት አስቀመጡ። ልጅቷ ጓዳው መግቢያ ላይ ቆማ ነበር። በተከፈተው በር የታኅሣሥ ንፋስ ገባ፤ የምንጣፉን ጫፍ አነሣው።

ትልቁ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «እስቲ በሩን» አሉ፤ «ብርድ ገባ እኮ።»

አጥናፉ ሊዘጋው ዞረ። የሺመቤት ቀደመችው። ከውስጥ በኩል ቆማ፣ በገዛ እጇ ዘጋችው።