ኖራ የተቀባው ግድግዳ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ ፈንታ። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠው ገበሬ፣ አየነው፣ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። «ሕመም የለኝም፣ የኔታ። የወፍ በሽታ ነው አሉኝ። ሥር ጠጥቼ ቢጫውን ባጠፋው አይበቃም ወይ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

የኔታ የሚተርኩለት ሰውዬ ባለጠጋ ነበረ። ሰፊ ቤት ነበረው፤ በቤቱ ጓሮ ባለች ጠባብ ክፍል ደግሞ አንድ አገልጋይ ነበረው። አገልጋዩ የየዕለቱን ጉድፍና እጣቢ እየዛቀ በቦይ ያስወጣል። ድምፁን የሰማ የለም፤ ጌታው መልኩን እንኳ ረስቶታል። ቤት ከጸዳ ማን አጸዳው ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ! የድግሱ አተላ፣ የአረቄው ዝቃጭ ሁሉ ወደዚያች ክፍል ይወርድ ነበር።

አንድ ቀን ሚስቱ በጠራራ ፀሐይ ግድግዳው ላይ ቢጫ ነገር አየች። እጇን አሳረፈችበት፤ ርጥብ ነው።

«ጌታው፣ ይህ ግድግዳ ያልበዋል» አለችው።

«የጣራው የሌሊት ወፍ ሥራ ነው» አላት። በአገሩ ቢጫ ነገር ሁሉ በሌሊት ወፍ ይላከክ ነበርና አልተጠራጠረም። በርበሬ አስጤሰ። ወፎቹ እየተንጫጩ ወጡ፤ ጭሱ ግን መውጫ አጥቶ ወደ ጓሮዋ ክፍል ገባ። ግድግዳውንም ኖራ አስቀባው። ነጭ ሆነለትና ደስ አለው።

ሲነጋ ቢጫው ከኖራው ሥር ወጥቶ ጠበቀው። ደግሞ አስቀባ፤ ደግሞ ወጣ። ከግድግዳው ወደ መጋረጃው፣ ከመጋረጃው ወደ አልጋው ልብስ ዘለቀ። እንግዳ መምጣት ቀረ። ጣራው ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፣ ቤቱ ጭር ብሏል፤ ቢጫው ግን ይራመዳል። ባለጠጋው ፈራ። ቤቱ ከጠፋ እሱም መጥፋቱ ነው።

በመጨረሻ ሚስቱ የኖራውን ባልዲ ከእጁ ነጠቀችው። «ግድግዳውን ይተዉት! ከየት እንደሚመጣ እንይ» አለችና ቢጫውን ተከትላ ወደ ጓሮ ወረደች። እሱም ከኋላዋ ሄደ። የክፍሏን በር ገፋችው። አገልጋዩ ቦዩ አፍ ላይ ተቀምጧል። ጉድፉ እስከ ደረቱ ሞልቷል፤ እጆቹ ግን አሁንም ይዝቃሉ።

«ምነው ሳትጠራኝ!» አለ ባለጠጋው።

«ድምፅ የለኝም፣ ጌታዬ።» ሹክሹክታው ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር። «በግድግዳው ጠራሁዎት። እርስዎ ኖራ ቀቡብኝ።»

የኔታ ወደ አየነው ዞሩ።

«ቤቱ ሥጋህ ነው፤ አገልጋዩ ጉበትህ። በሰውነታችን ያረጀ ደም በየቀኑ ይፈርሳል። ከፍርስራሹም ቢጫ እድፍ ይወጣል፤ ሐኪሞች ቢሊሩቢን ይሉታል። ያንን ጠርጎ የሚያስወጣው ጉበት ነው። እድፉ ሲበዛበት፣ ወይ ራሱ ሲታመም፣ ወይ ቦዩ ሲደፈን፣ ቢጫው ዓይንህ ላይ ይወጣል። የትኛው እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ ሥር ማሹም አያውቅ፤ ሐኪም ነው ደምህን መርምሮ የሚደርስበት። የማታውቀውን ሥር ስትጠጣማ ጭሱን የምትሰደው እዚያው በታመመው ላይ ነው። አንተ የቸገረህ መልክህ ነው፤ እኔን ያስፈራኝ ግን ዝም ያለው ጉበትህ ነው።»

አየነው አንገቱን ደፋ። «ያ አገልጋይ ዳነ ወይ፣ የኔታ?»

«በሩ ቶሎ ተከፍቶለት ከሆነ ድኗል። ዘግይቶ ከሆነ ግን እንጃ» አሉና መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ። «ያንተን በር ገና ማንም አልከፈተውም። ተነስ፣ ጤና ጣቢያው ሳይዘጋ እንድረስ።»