የእንጨት እጅ

ከወይንዬ ወንዝ ማዶ፣ መንገዱ ሽቅብ ወደ ጥድ አምባ ከመታጠፉ በፊት፣ እንጨት እጅ የሚባል አንድ ራሰ በራ ጉብታ አለ። ቤት የሚሠራበት የለም፤ ከብት ግን ይግጥበታል። እንግዳ መጥቶ ስሙ ከየት እንደመጣ ሲጠይቅ የአገሩ ሰዎች መጀመሪያ ወሬውን ወደ ሌላ ይወስዱታል፤ ኋላ ግን ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋው የይመርን ነገር ያነሣል፤ ሌሎቹም እያዳመጡ እዚህም እዚያም ያርሙታል። በዋናው ነገር ላይ ልዩነት የለባቸውም።

ይመር፣ እንደሚነገረው፣ ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻም ማጭድም ይሠራል፤ ስሙ የወጣው ግን በጠመንጃ ነው። ቃታው አልሳብ ያለ፣ ሞላው የላላ፣ ሰደፉ የተሰነጠቀ ሁሉ ወደ እሱ ይመጣ ነበር። ርስት አልነበረውም። ጎጆውን በጉብታው ላይ የቀለሰው በጥድ አምባው ጌታ በባላምባራስ አመዴ ፈቃድ ሲሆን፣ ፈቃዱም ሥራው እስካለ ድረስ ብቻ እንደሆነ ያውቀዋል። ሰው ብረቱን ይዞለት ይመጣል እንጂ ቤቱ ገብቶ እህል አይቀምስም፤ ሕፃን ያዘለች ሴት በበሩ ስታልፍ የቀጥቃጭ ዓይን እንዳይበላባት ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች። ይመር ይህን ሁሉ ለምዶት፣ አንዳንድ ቀን እሱ ራሱ ቀድሞ ፊቱን ያዞርላቸው ነበር ይባላል።

የጠመንጃ ሥራ ግን በሁለት እጅ አይሆንም። አንዱ ሲሞርድ ሌላው ብረቱን አጥብቆ መያዝ አለበት፤ ጥቂት ከተነቃነቀ ሥራው ይበላሻል። ለይመር ብረት የምትይዝለት ሚስቱ ሰዓዳ ነበረች። አፈሙዙን በጉልበቷና በመዳፏ መካከል አድርጋ ስትይዝለት ትንፋሿን ሳይቀር ከሞረዱ ጋር ታስማማው ነበርና፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ጀምረው ይጨርሱ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ይመር ከሥራው ይልቅ የሚወደው ያንን አብሮ መቀመጥ ነበር ይላሉ፤ ይህን ግን ለእሷ ነግሯት አያውቅም።

በዚያ ዘመን ጥድ አምባና ከወንዙ ወዲህ ያለው ዋርካ ሜዳ በወንዙ ዳር ግጦሽ ተጣልተው ደም ተቃብተው ነበር። ይመር የሁለቱንም ጠመንጃ ይጠግናል፤ ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፣ ሌላ ሠሪ ስለሌላቸውም ዝም ይላሉ። የሰዓዳ ወንድም እብሬ በዋርካ ሜዳ የሚኖር ሸማኔ ነበር። ግጦሹም ሆነ ደሙ አይነካውም። ሆኖም አንድ የገበያ ቀን ጥቅል ኩታውን ተሸክሞ ወንዙን ሲሻገር፣ ከዋርካ ሜዳ መምጣቱን ብቻ ያየ አንድ የጥድ አምባ ሰው ተኩሶ ገደለው።

እብሬ ከተቀበረ በኋላ ያው ገዳይ ሰደፉ የተሰነጠቀ ጠመንጃ ይዞ ወደ ይመር ቤት መጣ። ማን እንደገደለው አገር ሁሉ አውቆታል፤ እሱም አልደበቀም። ጠመንጃውን ትቶ ሄደ። ይመር ሥራውን ዘርግቶ ተቀመጠና ሚስቱን ተጣራ።

«ሰዓዳ፣ ነይ ያዢልኝ።»

መጣች፤ ግን አልተቀመጠችም። «ይህን ባለፈው የያዝኩልህ እኔ ነኝ» አለች። «ጥይቱን የሚመታውን መርፌ ስትሞርደው ጣቴ እስኪደነዝዝ ይዤልሃለሁ። እሱው ነው እብሬን የገደለው።»

«እኔስ መቼ አጣሁት» አላት ይመር፣ ቀና ብሎ ሳያያት። «ካልሠራሁ ግን ከዚህ ያባርሩናል። የት እንገባለን?»

«እሱን አላውቅም። ከእንግዲህ ግን እጄ ብረት አይይዝልህም።»

ይመር ለመናት፤ ተቆጣትም ይባላል። እሷ ግን ውሃ ትቀዳለች፣ ዱቄት ትፈጫለች፣ ራቱን ታቀርብለታለች፤ ጠመንጃ ሲመጣ ብቻ ተነሥታ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች። ቢጨንቀው አንድ የወይራ ጉማጅ ቆርጦ እስከ ወገቡ ሰነጠቀው። በስንጥቁ መካከል ሽብልቅ እየከተተ ያስከፍተዋል፤ አፈሙዙን ያስገባና ሽብልቁን ይነቅለዋል፤ ከዚያም በውሃ የራሰ ጠፍር ዙሪያውን ጠምጥሞ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ጠፍሩ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ እንጨቱም ብረቱን ነክሶ ይይዛል፤ በመዶሻ ቢመቱት እንኳ ንቅንቅ አይልም። ለሰደፉ ደግሞ ከባላ እንጨት ሌላ አበጀ፤ እንዳይፋቅበትም ውስጡን የበግ ቆዳ አለበሰው። ለመርፌና ለሞላ የሚሆነውን ከተሰነጠቀ የበሬ ቀንድ ሠራ፤ ጥቃቅኑም እንዳይጠፋ በሰም ያጣብቀው ነበር። ያዩት ሁሉ ተደንቀው «ይመር የእንጨት እጅ አበጀ» አሉ። እሱም ራሱ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። እያደር ግን ከሞረዱ ድምፅ በቀር ምንም በማይሰማበት ቤት መሥራት ከበደው፤ ጉማጁ አይደክመውም፣ አይተነፍስም፣ በቃ ሊልም አይችልም።

የእንጨቱ እጅ ሥራውን አፋጠነው። ድሮ ወረፋ ሲጠብቅ ይከርም የነበረ ጠመንጃ አሁን ቶሎ ቶሎ ይወጣል፤ ወሬው ተሰምቶም ከየጓዳው ዝገት የበላው ሁሉ ተጎትቶ ወጣ። አዝመራው ሲገባ ሁለቱ አገሮች በወንዙ ዳር ሊገጥሙ ተቃጠሩ። ከዚያ በፊት ባሉት ቀናት የጥድ አምባ ሰዎች በአንድ በኩል፣ የዋርካ ሜዳዎች በሌላ በኩል ሆነው በጉብታው ላይ ተራ ሲጠብቁ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ከአንዱ እንስራ ውሃ ይጠጡ ነበር። ይመር እያያቸው፣ ከመካከላቸው በእሱ እጅ የማይሞት ማን እንደሆነ ማሰብ ጀመረ።

ያን ቀን ሰዎቹ ሲሄዱለት ወደ ሚስቱ ገባ።

«መርፌያቸውን ላሳጥረው ነው» አላት። «ጫፉን ልሞርደው። ቃታው ይሳባል፣ ቀጭ ይላል፤ ጥይቱን ግን አይነካውም።»

«የማንን?»

«የሁለቱንም።»

ሰዓዳ ዞር ብላ አየችው። እብሬ ከሞተ ወዲህ ፊቱን ትክ ብላ ስታየው ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር ይባላል። «ቢያውቁብህስ?» አለችው።

«ጥይት ውድ ነው፤ ለሙከራ ብሎ የሚተኩስ የለም። ያን ቀን መተኮስ ካቃታቸው ሽማግሌ መሐል ይገባል። ከዚያ በኋላ እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

እሷም ያን ማታ ራቱን ከእሱ ጋር ቀርባ በላች። ይመር እንዳለው አደረገ። በቀንዱ መያዣ መርፌውን እያስነከሰ፣ የአንዱንም የሌላውንም፣ አንድ ሳያስቀር ሞረደው።

ያላወቀው ነገር ነበር። ዋርካ ሜዳዎች በዚያው ሰሞን ከቆላ ከወጣ ነጋዴ ላይ አዳዲስ ጠመንጃ በስውር ገዝተው ነበር፤ ለይመር የሰጡት አሮጌውን ነው። የቀጠሮው ቀን በወንዙ ዳር ሲገጥሙ የጥድ አምባ ሰዎች ቃታ ሳቡ፤ ቀጭ አለ። ደግመው ሳቡ። ከወዲያ ግን ተተኮሰ። ይመር ከጉብታው ላይ ሆኖ የተኩሱን ድምፅ ሲሰማ ከአንድ ወገን ብቻ እንደሚመጣ ወዲያው ገባው፤ እዚያው ባለበት ተቀመጠ። ሰዓዳ «እንሽሽ» ብትለውም አልተነሣም ይባላል። ሬሳው በየቃሬዛው በጉብታው ግርጌ ሲያልፍ፣ ከመካከሉ የእብሬ ገዳይ ነበረ፤ ከብት ሲጠብቁ የሚያውቃቸው፣ ጢም ያላወጡ ልጆችም ነበሩበት።

ባላምባራስ አመዴ የአንዱን ጠመንጃ መርፌ በመዳፋቸው ይዘው መጡ። የሁለት ልጆቻቸውን ቀብር ያኔ ገና መጨረሳቸው ነበር።

«ይህ የማን ሥራ ነው?» አሉት።

«የኔ ነው፣ ጌታዬ።»

«ከዋርካ ሜዳ ስንት ተቀበልክ?»

«ምንም አልተቀበልኩም። ሁለቱም ወገን እንዳይተኩስ ብዬ ነው።»

«የእነሱ ተኮሰ» አሉ ባላምባራስ። ሌላ ምንም አልጠየቁትም።

አልገደሉትም። ያን ጉማጅ አምጥተው በሽብልቁ አስከፈቱና ሁለት እጆቹን ከስንጥቁ ከተው ሽብልቁን ነቀሉት፤ የራሰውንም ጠፍር ጠምጥመው ፀሐይ ላይ ተዉት። ሰዓዳ እንዳትጠጋው ሰው አቆሙባት። ጠፍሩ እየደረቀ እየደረቀ ሄደ። ይመር መጀመሪያ ጮኸ፤ ኋላ ዝም አለ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጠባቂዎቹ ሄዱና ሰዓዳ ጠፍሩን በቢላ በጠሰችው፤ እጆቹ ግን ከዚያ ወዲያ ምንም አልጨበጡም።

ከጉብታው ያባርሩናል ብለው ጠበቁ፤ የሚያባርራቸው አልመጣም። በምትኩ አንድ ማለዳ ወንድሙ የሞተበት የጥድ አምባ ሰው መርፌው ያጠረ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ደም ሊመልስ ነው፤ ሌላ ሠሪ ደግሞ ሩቅ ነው። ጠመንጃውን ለይመር ዘረጋለት። የይመር ክንዶች ጥቂት ተነሡና ወደቁ። ሰውየው አፍሮ ብረቱን ከፊቱ መሬት ላይ አስቀመጠውና «እህል አምጥቼላችኋለሁ» ብሎ አንድ ቁና ማሽላ ከበሩ አኖረ። በቤቱ ውስጥ የቀረ ዱቄት አልነበረም።

ሰዓዳ ከደጃፉ ቆማ ብረቱን ብዙ አየችው። ከዚያ ሄዳ ጠመንጃውን ከመሬት አነሣችና ከይመር ፊት ተቀመጠች።

«ተዪው ሰዓዳ» አላት።

«ከየት ልጀምር?» አለችው።

አዲስ መርፌ ከየትኛው ብረት እንደሚወጣ፣ በእንጨቱ እንዴት እንደሚያዝ፣ ሞረዱ በየት በኩል እንደሚሄድ ነገራት። እሷ ሠራች። ከዚያ በኋላ የመጡትንም ሁሉ፣ የጥድ አምባንም የዋርካ ሜዳንም፣ ይመር እየነገራት ሠራች፤ እሱ ከሞተም በኋላ ዓይኗ እስኪደክም ድረስ እንደሠራች ይነገራል። የእብሬን ስም ስትጠራ ግን የሰማት የለም።

ዛሬ በሁለቱም አገር ጠመንጃ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም። ሰጪው መሬት ላይ ያስቀምጣል፤ ተቀባዩ ጎንበስ ብሎ ያነሣል። አባትም ለልጁ ሲያወርሰው እንደዚሁ ነው። ወጣቶቹን ሰው ለምን ብሎ የጠየቃቸው እንደሆነ ደንብ ነው ይላሉ። የግጦሹ ጠብ አልበረደም፤ ባለፈው ክረምትም በወንዙ ዳር ሁለት ሰዎች ሲገደሉ፣ ለገዳዩ ጠመንጃውን ያቀበለው ታላቅ ወንድሙ፣ በዚያ ጥድፊያ መካከል እንኳ፣ መጀመሪያ ጭቃው ላይ አስቀምጦለት እንደነበር ይባላል።