ንብ እየነደፈው የቆመው ሰው

ሁለት ሰዎች ተያይዘው አንደኛው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ከጮኸ በኋላ ራሱ ዱላውን አላወርድ ካለ፣ በአጠገቡ ያለ ሽማግሌ አንዲት አጭር ተረት ጣል ያደርግበታል። ባለዱላውም ተረቷን ሲሰማ አፍሮ እጁን ይሰበስባል። ተረቷን ብዙ ሰው ያውቃታል፤ የወጣችበትን መንደር የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ተረት ሁሉ ተስቆበት የተወለደ እየመሰለን እንተርታለን እንጂ፣ አንዳንዱ ተለቅሶበታል። ይቺም ከተለቀሰባቸው አንዷ ናት።

ጠመንጃ በየቤቱ ምሰሶ ላይ ይሰቀል በነበረበት ዘመን፣ ቀጨሞ በምትባል የደጋ መንደር ቢሻው የሚባል ገበሬ ይኖር ነበር። ቢሻው ሥራ ወዳድ፣ ቃሉን አክባሪ፣ ለጎረቤት ደራሽ ሰው ነው። ነውሩ አንድ ነበር፤ ችኩልነት። ሚስቱ «የኔ ባል ወጡ ሳይወጠወጥ እጁን ይታጠባል» እያለች ትስቅበት ነበር። ያኔ ያስቅ ነበር።

አንድ ዓመት በበጋ ፊታቸውን በጋቢ የሸፈኑ ዘራፊዎች ከቆላ ወጥተው፣ ከብት ሲጠብቅ የነበረውን ታናሽ ወንድሙን መኳንንትን ገድለው ሰባት በሬ ነድተው ሄዱ። እነማን እንደሆኑ አልታወቀም። ቢሻው ከዚያ ወዲህ ፊቱን የሸፈነ ሰው ባየ ቁጥር፣ ብርድ የመታውም ቢሆን፣ ደሙ ይፈላል።

አገሬውም ተሰብስቦ መከረ። ጠመንጃ ያለው ሁሉ በየተራው ከግጦሹ በላይ ካለው ቋጥኝ ላይ ተቀምጦ ከብቱንና መንደሩን እንዲጠብቅ ተስማማ። የአጥቢያው ዳኛ ቀኛዝማች ወንድይራድ ፈቀዱ፤ ሲፈቅዱ ግን ሰዉን ሁሉ አቁመው አስማሉት።

«መሣሪያ አንሥቶ ነፍሳችሁን ሊያጠፋ በመጣባችሁ ላይ ብትተኩሱ፣ ደሙ በራሱ ነው» አሉ። «ሌላውን ግን በሕግ አምላክ ብላችሁ አቁሙት። ከቆመ የእናንተ አይደለም፤ የሕግ ነው። የጋቢውን ጫፍ ከጋቢያችሁ ጫፍ ቋጥራችሁ በቁራኛ ወደኔ አምጡት። ከቆመ በኋላ ከነካችሁት ደሙ በእናንተ ነው።»

«ኧረ ጌታዬ! ሌባ ደግሞ በቃል ይቆማል?» አለ አንዱ፤ ሰዉም ሳቀ።

ቀኛዝማች አልሳቁም። «ሌባው ባይቆም ሌባ ያልሆነው ይቆማል። መለያችሁ እሱ ነው» አሉ።

ቢሻው ከሰዉ ጋር እጁን አንሥቶ ማለ። ልቡ ግን ወንድሙ ዘንድ ነበር፤ የማለውን ነገር ጆሮው እንጂ ልቡ አልሰማውም።

ታኅሣሥ ገባ፤ ውቂያ ሆነ። አንድ ቀን የወንፈሉ ተራ የአያ ገብረየስ ነበርና፣ ከየመንደሩ የተሰበሰበው ሰው ከግጦሹ ወዲህ ባለው አውድማ ላይ ጤፍ ይወቃል። አያ ገብረየስ በዕድሜም በምክርም የመንደሩ ታላቅ ናቸው። ከወንፈለኞቹ አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል፤ ከማዶ መንደር የሚመጣው ሰጥአርጌ። «ሰጥአርጌ ቃሉን አያጥፍም፤ አንድ ነገር ቢያገኘው ነው» ይላሉ አያ ገብረየስ መንገድ መንገዱን እያዩ። የጥበቃው ተራ ደግሞ የቢሻው ነበር። ምንሽር ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከቋጥኙ ላይ ተቀምጧል። አውድማውና እሱ ባሉበት መካከል ጉብታ አለ፤ ሰዎቹ የእሱን ድምፅ ይሰማሉ እንጂ እሱ የሚያየውን አያዩም።

ረፋዱ ላይ ከብቱ በድንገት ተደናበረ። በሬው፣ ላሙ፣ ጊደሩ፣ ሁሉም ጭራውን ሰቅሎ ወደ ገደሉ መውረጃ ነጎደ። ቢሻው ብድግ አለ። ከከብቱ ኋላ አንድ ሰው ይሮጣል። ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ፊቱን ሸፍኗል፤ ከጋቢው ሥር አንድ ረጅም ነገር ብቅ ብሏል።

«መጡ!» አለ ቢሻው ለራሱ። የመኳንንት ሬሳ ፊቱ ላይ ድቅን አለ። ምንሽሩን አቀባብሎ ደገነና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦ «በሕግ አምላክ! አንተ ሰው፣ በሕግ አምላክ ቁም!»

ሰውየው ቆመ።

ቢሻው ይህን አልጠበቀም ነበር። ይሮጣል ብሎ ነበር፤ ወይም ይተኩሳል ብሎ። እንዲህ እንደ ግንድ ቀጥ ይላል ብሎ አላሰበም። ጣቱ ቃታው ላይ እንዳለ ትንፋሹን ዋጠ። ሰውየው የጠራውን ለማየት ፊቱን አዞረ፤ ያ ረጅም ነገርም አብሮት ዞረ። ከዚያ አንድ እጁ ከጋቢው ውስጥ ወጥቶ ወደ ላይ ተነሣ።

ቢሻው ተኮሰ።

ከቋጥኙ እየዘለለ ወረደ። ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው አንድ ነገር አንገቱን ጠቅ አደረገው፤ ከዚያ ጆሮውን። ንብ ነው። አየሩ በንብ ይጮኻል። የወደቀውን ሰው ገለበጠው። ያ ረጅም ነገር የእንጨት መንሽ ነበር፤ ለውቂያ የሚያዝ መንሽ። የሰውየው ፊት በንብ ተነድፎ አብጧል፤ ዐይኖቹ ሊከደኑ ምንም አልቀራቸውም። ንቦቹ አሁንም ጠጉሩ ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ያነሣት እጁ ጉንጩ ላይ እንዳለች ቀርታለች። ለካ ንብ ሊያባርርባት ኖሯል ያነሣት።

ወንፈለኞቹ ከጉብታው ላይ ብቅ አሉ። አያ ገብረየስ በእርጅናቸው ከሁሉ ቀድመው ደረሱና በጉልበታቸው ወደቁ።

«ሰጥአርጌ! ኧረ ሰጥአርጌ ነው! ኧረ የኔ ወንፈለኛ!»

ነገሩ ወዲያው ተገለጠ። አንድ ኮርማ ከመንገዱ ዳር ያለውን ዋንዛ ሲታከክ ቅርንጫፉ ላይ ተንጠልጥሎ የነበረውን ቀፎ አውርዶ ከስክሶታል። ንቡ ከብቱንም፣ በዛፉ ሥር ሲያልፍ የነበረውን ሰጥአርጌንም አሯሯጣቸው። ሰጥአርጌ ጋቢውን ተከናንቦ ከፊቱ ወዳለው ጥሻ ሊገባ ይሮጥ ነበር። ጥሻው ከወደቀበት ሃያ እርምጃ አይርቅም። ቢገባበት ይተርፍ ነበር። ባይጠራ ኖሮ ይገባ ነበር። ቢሻው ይህን ሃያ እርምጃ በዐይኑ ለካው፤ ከዚያች ቀን በኋላም እስኪሞት ድረስ ሲለካው ኖረ።

ወሬው ወንዙን ተሻገረና የሰጥአርጌ ታናሽ ወንድም ጓዴ ጠመንጃውን አቀባብሎ እየሮጠ መጣ። ሰዉ ግራና ቀኝ ተበተነ። ቢሻው ከሬሳው ራስጌ ተቀምጧል፤ አልተነሣም። ሊሸሽም አላማረውም። ጓዴ ደግኖ ሊተኩስ ሲል አያ ገብረየስ ከመካከል ገቡ።

«በሕግ አምላክ፣ ጓዴ!»

ጓዴ አፈሙዙን ወደ መሬት አወረደ። እንባው በጢሙ ላይ ወረደ። ጥይቱን አውጥቶ መሬት ላይ ጣለ፤ ጠመንጃውን ለአያ ገብረየስ ሰጠ። ከዚያ ወደ ቢሻው ሄዶ፣ የጋቢውን ጫፍ ከቢሻው ጋቢ ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጎ ቋጠረ። «ተነሥ» አለው።

ቀብሩ እንዳለቀ ወደ ቀኛዝማች ቤት ግማሽ ቀን በቁራኛ ተጓዙ። አንዱ ሲያደናቅፈው ሌላው ይጎተታል። ወንዝ ላይ ጓዴ ውኃ ሊጠጣ ሲያጎነብስ ቢሻውም አብሮ አጎነበሰ። ጓዴ ቢሳደብ ለቢሻው ይሻለው ነበር።

ችሎቱ በሚውልበት ቀን ጧት የቢሻው ሚስት ወንድም ዋሴ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። ዋሴ ነገር አዋቂ ነው፤ ሙግት ያለበት ሰው ሁሉ እሱን ይዞ ይሄዳል።

«ስማኝ ቢሻው። ሰዎቹ ድምፅህን እንጂ ሰውየውን አላዩም፤ ጉብታው ጋርዷቸዋል። ያየኸው አንተ ብቻ ነህ። ጠራሁት፣ እምቢ ብሎ መሣሪያ የመሰለ ነገር ይዞ ሮጠብኝ በል። አለቀ፤ ነጻ ትወጣለህ።»

«ጋቢ ለብሶ፣ ንብ እየ...»

«ተወኝ እቴ ንቡን! የሞተው ሞቷል። ያንተን ልጆች አስብ!»

ቢሻው ልጆቹን አሰበ። እውነትም ሌላ መውጫ አልታየውም።

ቀኛዝማች የአያ ገብረየስን ቃል ሰሙ። አያ ገብረየስ ጩኸቱንም ተኩሱንም መስማታቸውን፣ በመካከል የሆነውን ግን አለማየታቸውን ተናገሩ። ከዚያ ቀኛዝማች ወደ ቢሻው ዞሩ።

«የነገሩ ራስ አንድ ነው። እየመጣብህ ከነበረ ለነፍስህ ተከላክለሃልና አልይዝህም። ቆሞ ከነበረ ግን የማልኸውን ታውቃለህ። እንዴት ነበር?»

«ጠራሁት፣ ጌታዬ» አለ ቢሻው። «ጠራሁትና... ፊቱ ተሸፍኖ ነበር። መሣሪያ የያዘ መሰለኝ። ከዚያ...» ዋሴ በዐይኑ ገፋው። «ከዚያ ወደኔ...»

«ጌታዬ፣ አንድ ቃል ልጠይቀው?»

ከሴቶቹ መካከል ማቅ የለበሰች ሴት ተነሣች። የሻረግ ናት፤ የሰጥአርጌ ሚስት። ቀኛዝማች ራሳቸውን ነቀነቁላት።

«ወንድሜ» አለች፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም፤ አልቅሳ አልቅሳ ደክሟታል። «ሞቱን ሞቷል፤ አንተን ቢሰቅሉህ አይመለስልኝም። እኔ የማላውቀው አንድ ነገር አለ። በሕግ አምላክ ሲባል አልቆመም ከተባለ፣ ባሌ ሌባ ሆኖ ተቀበረ ማለት ነው። ልጆቹም የሌባ ልጆች ናቸው፤ ማን ወንፈል ይገባላቸዋል? አብሬው አሥራ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ሕግ ተጠርቶበት የሚራመድ ሰው አልነበረም። ቆሞልህ ነበር ወይስ አልቆመልህም?»

ቢሻው ዋሴን አላየም። ያየው ያቺን ጉንጭ ላይ የቀረች እጅ ነው። የራሱ ልጆች አባት አጥተው ሊቀሩ ነው፤ የሷ ልጆች ደግሞ አባትም ስምም ሊያጡ ነው። እሱ አንድ ጊዜ ቸኩሎ ሰው ገድሏል፤ አሁን ደግሞ ያንኑ ሰው ሁለተኛ ጊዜ ሊገድለው ነው።

«ቆሞልኝ ነበር፣ እቴ» አለ። «አንድ ጊዜ ብጠራው ቆመ። ንብ እየበላው፣ ጥሻው ፊቱ እያለ፣ ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። ባልሽ ሌባ አልነበረም። የተኮስሁት ከቆመ በኋላ ነው።»

ዋሴ ራሱን ያዘ። የሻረግ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፤ ልቅሶዋም ያን ጊዜ ገና ድምፅ አወጣ።

ጓዴ ከተቀመጠበት ተነሣ። «እውነቱን ተናግሯል፤ ወንድሜን ከነስሙ መልሶልኛል» አለ። «ደሙን ለሕግ ሰጥቻለሁ። እኔ አልፈልገውም።»

ቀኛዝማችም ፈረዱ። ፈርቶ የገደለ ሸምቆ እንደገደለ አይቆጠርምና ነፍሱን ማሩት። ነገር ግን የቆመን ሰው ገድሏልና ምንሽሩ እንዲወረስ፣ እሱም ዘጠኝ ዓመት እንዲታሰር አዘዙ። ማንም አላጨበጨበም፤ ማንም ፍርድ ተጓደለ አላለም። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

ቢሻውን ሊወስዱት ወደ ደጅ ሲያወጡት ከአያ ገብረየስ ፊት ቆመ። የሰው ሁሉ ጥያቄ የእሱም ጥያቄ ነበር።

«አያ ገብረየስ፣ ወንድሜን ገደሉብኝ። እጄን አጣጥፌ ብቀመጥ እኔንም ይገድሉኛል፤ ጠመንጃ ብይዝ ደግሞ ይኸው የሰው ነፍስ አጠፋሁ። ሌባ ከሆነ ብዬ ነው፤ ፈርቼ ነው። ለነፍሱ የሚፈራ ሰው ታዲያ ምን ያድርግ?»

ሰጥአርጌን ለወንፈል የጠሩት አያ ገብረየስ ናቸው፤ ተከስክሶ የወደቀውም ቀፎ የእሳቸው ነውና፣ የእሳቸውም ልብ ቆስሏል። እጃቸውን ዘርግተው የቢሻውን ትከሻ ያዙ።

«ልጄ፣ ጠመንጃ ለምን ያዝህ ያለህ የለም። ሊገድልህ የመጣውን ብትገድል እኔው ራሴ በመሰከርሁልህ» አሉት። «አንተ ግን ሕግን ጠራኸው፤ ሕግም ሰምቶህ መጣና ሰውየውን አቆመልህ። ሕግ ሥራውን ሲጨርስ አንተ ያንተን ጀመርህ።»

ቢሻው አንገቱን ደፋ። አያ ገብረየስም እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው፣ ለእሱም በዙሪያው ለቆመውም ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው፦ «ሕግ ከጠሩ፣ ጥይት አይጨምሩ» አሉ።