ያለ ሰርግ አልታይም ያለው ሲኒማ

አታምኑም። እናቴ ትሙት ብዬ ብምል አታምኑም፣ መሬት ላይ ተንከባልዬ ብምል አታምኑም። ቢሆንም ስሙኝ፤ ካላመናችሁ ዋርካ በር ሄዳችሁ ፈረሱን ጠይቁት።

ዋርካ በር የሚባል መንደር ውስጥ አንጓች የምትባል የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ ነበረች። አንድ እሑድ ጠዋት ሲሳይ ባለሲኒማው ጀኔሬተሩን ባጃጅ ላይ ጭኖ፣ ድምፅ ማጉያውን እያስጮኸ መጣ። «አዲስ ሲኒማ! አባት፣ እናት፣ ልጅ አብሮ ተቀምጦ የሚያየው! ድምፅዋን ጅብ የሰረቃት ልዕልት! ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዘፈን በዘፈን! ዛሬ ብቻ! ነገ ሌላ አገር ነኝ!»

አንጓች ይህን ስትሰማ እግሯ መሬት አልነካም። ዛፎቹ ይዘፍናሉ አሏት፣ ድስቱ ይጨፍራል አሏት፣ ጅቡ ከልዕልቷ በሰረቀው ድምፅ እንደ መልአክ ያዜማል አሏት። ከባጃጁ ኋላ ስትሮጥ የዘፈኑን መጀመሪያ ያዘች፤ የጅቡ መልስ ሲደርስ ድምፅ ማጉያው ጥርቅም አለ። እሷም እዚያው መንገዱ ላይ «ይሄን ሳላይ አልተኛም!» ብላ ማለች።

ግን ሲሳይ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። «ምን ላድርግሽ ሚሚዬ፣ ሸራዬን ባለፍኩበት ከተማ ነፋስ ወሰደብኝ። የእናንተ ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው፤ ልዕልቷ አይጥ ትመስላለች። ያንን ነጩን የእድር ድንኳን ካላመጣችሁልኝ አላሳይም።»

ሲኒማው ያለ ድንኳን አልታይም አለ፤ አንጓችም ያለ ሲኒማ አልተኛም አለች።

ሮጠች ወደ እድሩ ዳኛ፣ ወደ አያ ጓንጉል። ከአንድ ሽማግሌ ጋር ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

«አያ ጓንጉል፣ ድንኳኑን ያውጡልን! ለሲኒማ ነው!»

«የእድር ድንኳን ለሁለት ነገር ይወጣል» አሉ አያ ጓንጉል ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ለሰርግ፣ ለለቅሶ። ለጅብ ዘፈን አይወጣም። ወይ ሰው ይጋባ፣ ወይ ሰው ይሙት።»

አንጓች ቀስ ብላ ሽማግሌውን አየቻቸው።

«ምን ታዪኛለሽ አንቺ?» አሉ ሽማግሌው ደንግጠው። «ዛሬ አይመቸኝም! እኔም ሲኒማውን ላይ ነው የመጣሁት! ሂጂ ሙሽራ ፈልጊ!»

ዳኛው ያለ ሰርግ ድንኳን አላወጣም አለ፤ ሲኒማው ያለ ድንኳን አልታይም አለ፤ አንጓችም ያለ ሲኒማ አልተኛም አለች።

ሙሽራ ደግሞ ነበረች፤ የሻረግ። ሽማግሌ ገብቷል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ ጠላው እንዲያውም ከመሰልቸቱ የተነሳ ጋኑ ውስጥ ማንኮራፋት ጀምሯል። ሙሽራው ሱፉን ለብሶ በየቀኑ አጥሩ ሥር ይቆማል። የቀረው የሻረግ «እሺ» ብቻ ነው።

«የሻረግዬ፣ ዛሬ ተጋቢልኝ» አለቻት አንጓች።

«ማሲንቆ ሳይመታ ከቤቷ የወጣች ሙሽራ የት አይተሻል? ነገ አማቴ ‹በዝምታ ነው የመጣሽው፣ እንደ ድመት› ስትለኝ ምን ልመልስ? ማሲንቆ ደጄ ላይ ካልዘፈነ አልወጣም!»

ሙሽራዋ ያለ ማሲንቆ አልወጣም አለች፤ ዳኛው ያለ ሰርግ ድንኳን አላወጣም አለ፤ ሲኒማው ያለ ድንኳን አልታይም አለ፤ አንጓችም ያለ ሲኒማ አልተኛም አለች።

አዝማሪው ቢሻው ማሲንቆውን አቅፎ በሩ ላይ ተክዟል። «እዪው፣ በራ ሆነልሽ! ጭራውን አይጥ በላው። አሁን ብገዘግዘው የሚያሰማው የአሮጊት ሳል ነው። የፈረስ ጭራ አምጪልኝና ሙሽራዋን ራሷን አልፌ አማቷን አስጨፍርልሻለሁ።»

ማሲንቆው ያለ ጭራ አልዘፍንም አለ፤ ሙሽራዋ ያለ ማሲንቆ አልወጣም አለች፤ ዳኛው ያለ ሰርግ ድንኳን አላወጣም አለ፤ ሲኒማው ያለ ድንኳን አልታይም አለ፤ አንጓችም ያለ ሲኒማ አልተኛም አለች።

በዋርካ በር ፈረስ አንድ ነው፤ ዳማው። ተራጋጭ ነው ስላችሁ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሰኞ የረገጠው ሰው የወደቀው ማክሰኞ ገበያ ላይ ነው፤ ያውም ቲማቲም ላይ። አንጓች ከሩቅ ቆማ «አንተ ዳማ፣ ከጭራህ ትንሽ?» አለችው። ፈረሱ ጆሮውን ወደ ኋላ አጠፈና ባዶውን የጨው ገበታ በአፍንጫው ገለበጠው። ፈረስ አይናገርም የሚለኝ ሰው ካለ፣ ከዚህ የበለጠ ምን ይበላት? ጨው!

ፈረሱ ያለ ጨው ጭራ አልሰጥም አለ፤ ማሲንቆው ያለ ጭራ አልዘፍንም አለ፤ ሙሽራዋ ያለ ማሲንቆ አልወጣም አለች፤ ዳኛው ያለ ሰርግ ድንኳን አላወጣም አለ፤ ሲኒማው ያለ ድንኳን አልታይም አለ፤ አንጓችም ያለ ሲኒማ አልተኛም አለች።

ጨው ያለው እትዬ ዝማም ሱቅ ነው። እትዬ ዝማም ደግሞ ፊታቸው ራሱ ጨው የበላ ነው።

«እሑድ አልከፍትም» አሉ ከውስጥ።

«እትዬ፣ ለፈረሱ ነው…»

«ፈረሱ ሰኞ ይምጣ!»

አለቀ። ፀሐይዋ ወደ ተራራው ወርዳለች፤ ሲሳይም ገመዱን መጠቅለል ጀምሯል ተብሏል። አንጓች ሱቁ ደጃፍ ላይ ተቀመጠችና እንባዋ መጣ። እንባውን ለማባረር የያዘቻትን ዘፈን በዚያ በወለቀ ጥርሷ አዜመች።

«አያ ጅቦ፣ አያ ጅቦ፣ ድምፄን መልስልኝ፣
እናቴን ልጥራበት፣ ጨለማው መጣብኝ…»

እዚህ ላይ አቆመች። ከዚያ መስኮቷ ሲጥ አለች።

«እሺ፣ ጅቡስ?» አሉ እትዬ ዝማም።

«እንዴት ጅቡስ?»

«ጅቡስ ምን አለ ነው የምልሽ! መለሰላት ወይስ በላት?»

«አላውቅም እትዬ። እዚህ ላይ ነው ድምፅ ማጉያው የተዘጋው። የቀረው ሲኒማው ውስጥ ነው።»

«አንቺ ክፉ ልጅ! ይህን ሳላውቅ ልተኛ? በይ ነይ፣ ያዢ! ሌላም ጨምሪ! ሩጪ እንጂ ምን ትገተሪያለሽ!» በሩ ተበርግዶ የጨው ከረጢት በአንጓች እቅፍ ላይ ወደቀ።

ከዚያማ ማን ይያዘው! እትዬ ዝማም ጨው ሰጡ፤ ፈረሱ ጨው ላሰና ጭራ ሰጠ፤ ማሲንቆው ጭራ አበቀለና ዘፈነ፤ ሙሽራዋ ማሲንቆ ሰማችና ወጣች፤ ዳኛው ሰርግ አየና ድንኳን አወጣ፤ ሲኒማው ድንኳን አገኘና በራ፤ አንጓችም ከፊት፣ ከሙሽራዋ እግር ሥር ተቀመጠች።

አመሻሽ ላይ መንደሩ በሙሉ እዚያ ነበር። ሰርገኛው ጠላውን ይዞ ነው የመጣው። ዛፎቹ ሲዘፍኑ ሴቶቹ እልል አሉላቸው፤ ድስቱ ሲጨፍር ቢሻው ማሲንቆውን አነሳና አጀበው፤ ሲኒማው በዜማ ተበለጠ። አንጓች ግን ጅቡን ነበር የምትጠብቀው፤ የእትዬ ዝማምን ቀሚስ ጨምድዳ። ጅቡም ከጫካው ወጣ፣ ልዕልቷን አየ፣ አንገቱን ደፋና በዚያ በተሰረቀ ድምፅ መለሰላት፦

«ድምፅሽንስ እንኪ፣ አንድ ነገር ስሚኝ፣
ዝም ብዬ ስታይኝ፣ ሮጠሽ አትሽሺኝ።»

እትዬ ዝማም በነጠላቸው ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ምስኪን ጅብ» አሉ። አንጓች የወለቀው ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ ሳቀች፤ ያን ቀን እንደሷ የሳቀ ሰው እንኳን ዋርካ በር፣ ወረዳው ውስጥም አልነበረም።

በመጨረሻ ልዕልቷ ልዑሉን አገባች። ነጩ የድንኳን ጎን ላይ አበባ ዘነበ፣ መለከት ተነፋ፣ ሙሽሮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ፤ ሕዝቡም እልልታውን አቀለጠው። ያኔ ከኋላ አያ ጓንጉል ዱላቸውን ይዘው ብድግ አሉና፣ የጀኔሬተሩን ጩኸት በሚያስንቅ ድምፅ ድንኳኑ ላይ በሚታዩት ሙሽሮች ላይ አንባረቁ፦

«ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ! እነዚህ ደግሞ መቼ የእድሩ አባል ሆነው ነው በእኛ ድንኳን የሚጋቡት?»